የከብት አርቢው ቀላል ጠመንጃ፦ ከጦር ሜዳ ወደ በረት የመጣበት ታሪክ

ባለፈው ስለ ግልገሎች ክትባት ነበር የተነጋገርነው። ዛሬ ከወትሮው ወጣ ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በቅርቡ አንድ አባት ቤት ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን ነበር። በዚያው ሰሞን ጅብ ጋጣቸው ገብቶ ሁለት በግ በልቶባቸዋል። አሜሪካ ያለው የወንድማቸው ልጅ በስልክ የላከላቸውን ፎቶ አሳዩኝ። አንድ ፈረንጅ ከብት አርቢ ፒካፕ መኪናው አጠገብ ቆሟል፤ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አጠር ያለ ጠመንጃ ይታያል። "አየህ ልጄ፣ የአሜሪካ ገበሬ እንኳ ይህን ይዞ ነው ከብቱን የሚጠብቀው። እኔስ ጊደሯን ሸጬ አንድ ብገዛ?" አሉኝ።

እኔ የተማርኩት ስለ እንስሳት ነው፤ ስለ ጠመንጃ ያስተማረኝ የለም። "ጋሼ፣ ትንሽ ቀን ይስጡኝ፣ አንብቤ እመለሳለሁ" ብያቸው ወጣሁ። ያገኘሁትን ለእሳቸው ብቻ ከምነግር ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን አገር ስጠቅስ ግን ዓ.ም. እያልኩ እለያለሁ።

ነገሩ ምንድን ነው?

የወንድማቸውን ልጅ ደውለን ስንጠይቀው ጠመንጃው "ሚኒ-14 ራንች ራይፍል" እንደሚባል ነገረን። ራንች የሚሉት ሰፊ የግጦሽ መሬት ላይ ከብትና በግ የሚረባበትን ቦታ ነው። ስለዚህ ስሙ "የከብት አርቢ ጠመንጃ" እንደ ማለት ነው። ክብደቱ ሦስት ኪሎ ገደማ ሲሆን ርዝመቱ አንድ ሜትር አይሞላም።

ከፊል አውቶማቲክ ነው ይሉታል። ይህ ምን ማለት ነው? ቃታው አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል። ነገር ግን ከጥይቱ የሚወጣው ጋዝ ራሱ ቀለሁን አስወጥቶ ቀጣዩን ያጎርሳል። ተኳሹ እንደገና ቃታ መሳብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ቃታው እንደተያዘ ከሚንጣጣው መሣሪያ የሚለየው በዚህ ነው፤ በየጥይቱ በእጅ እየተሳበ ከሚጎርሰው የድሮ ጠመንጃ የሚለየውም በዚህ ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ገበሬ እጅ እንዴት ገባ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጀምረው።

ጠመንጃ ገበሬ ቤት የሚገባው በወታደር በኩል ነው

እኛ ዘንድ ይህን ለማወቅ የጠመንጃዎቹን ስም መስማት ይበቃል። አያቶቻችን "ውጅግራ" የሚሉት የፈረንሳይ ጦር ጠመንጃ ነበር። ፈረንሳዮች ጠመንጃን "ፉዚ" ይላሉ፣ የዚህኛው ስም ደግሞ "ግራ" ነበር፤ ሁለቱ ተጋጥመው በእኛ አፍ ውጅግራ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው። ፈረንሳዮች በ1886 አዲስ መሣሪያ ሲይዙ አሮጌው ወደ ሌላ አገር ተሸጠ፤ ብዙውም እኛ ዘንድ መጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተተኮሰበት አንዱ እሱ ነው። "ሰናድር" የምንለውም የእንግሊዝ ጦር ስናይደር ነው። "ቤልጅግ" ከቤልጅየም መጣ። "ክላሽ" ደግሞ የሶቪየት ወታደር ክላሽንኮቭ ነው። እንግዲህ ገበሬው ቤት ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ሁሉ መጀመሪያ የአንድ አገር ወታደር ትከሻ ላይ ነበር።

አሜሪካኖች ዘንድ መጀመሪያ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለይ ነበር። ከብት ነጂዎቻቸው ፈረስ ላይ የሚይዙት ዊንቸስተር የሚባለውን ነው። ከቃታው ሥር ያለውን ብረት ወደ ታች አውርዶ መመለስ ሲሆን ጥይት ያጎርሳል። የ1873ቱና የ1894ቱ ዓይነት በጣም የታወቁ ናቸው። የኋለኛው ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ቀላል፣ አጭር፣ ኮርቻ ጎን የሚገባ ስለነበር ወደዱት። ይህን ልብ በሉልኝ። ከብት አርቢ ከጠመንጃ የሚፈልገው ብዙ መተኮሱን ወይም ሩቅ መድረሱን ብቻ አይደለም። አጥር ሲጠግን፣ ውኃ ሲያይ፣ ጥጃ ሲፈልግ ሳይከብደው አብሮት እንዲውል ነው የሚፈልገው። ከባድ ጠመንጃ ቤት ይቀራል፤ ቤት የቀረ ጠመንጃ ደግሞ መስክ ላይ አይጠቅምም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁሉንም ለወጠው። የአሜሪካ ወታደር ኤም-1 ጋራንድ የሚባል ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ያዘ፤ ከአራት ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለሾፌሩ፣ ለወጥ ቤቱ፣ ለመድፈኛው ደግሞ ኤም-1 ካርባይን የሚባል፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ የሆነ ትንሽ ጠመንጃ ሠሩ። ከ6 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ጥይቱ ደካማ ነው፣ ሩቅ አይሄድም፤ ግን ቀላልነቱ ሰው አስወደደው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የተረፈው ለሕዝብ ሲሸጥ ብዙ ገበሬ ቤት ገባ።

እነዚህን መሣሪያዎች የእኛም አባቶች ያውቋቸዋል። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ የተዋጋው በአሜሪካ ትጥቅ ነበር። በየቀበሌው ከዘማቾቹ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ካለ አያቱ የተነሱትን ፎቶ ያይ፤ ትከሻ ላይ ያለው ምናልባት ኤም-1 ይሆናል።

የሩገር ትንሹ ጠመንጃ

ዊልያም ሩገርና አሌክሳንደር ስተርም የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1949 ኮነቲከት በምትባል የአሜሪካ ግዛት የጦር መሣሪያ ድርጅት አቋቋሙ። ስተርም በ1951 ሞተ፤ ሩገር ቀጠለ። ድርጅቱ የታወቀበት አንዱ ነገር ብረትን ከመፈልፈል ይልቅ አቅልጦ በሻጋታ እያፈሰሰ ክፍሎቹን መሥራቱ ነው። ይህ ዘዴ ብዙ የማሽን ሥራ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይረክሳል።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ጦር ጋራንድን አሻሽሎ ኤም-14 የሚል ጠመንጃ ሠርቶ ነበር። ሩገርና ጂም ሱሊቫን የሚባል መሐንዲስ የዚህን አሠራር ይዘው አሳነሱት። አራት ኪሎው ወደ ሦስት ወረደ፤ ጥይቱም ቀጭኑ 5.56 ሚሊ ሜትር ሆነ። ስሙንም ሚኒ-14 አሉት፤ "ትንሹ 14" እንደ ማለት ነው። በ1973 ይፋ ሆነ። መጀመሪያ የታሰበው ለፖሊስና ለጥበቃ ሥራ ጭምር ነበር፤ ገበሬው ግን ቶሎ ወደደው። የእንጨት ሰደፍ አለው፣ ሲያዩት የአደን ጠመንጃ ይመስላል፣ አቧራ ይችላል፣ መኪና ውስጥ አይከብድም።

አንድ ችግር ነበረበት። ቀለሁ ሲወጣ ወደ ላይ ስለሚወረወር ማጉያ መነጽር ከላይ ቢያስሩበት ይመታዋል። በ1982 ይህን አስተካክለው፣ የመነጽር ማሰሪያውን ከብረቱ ጋር አብረው ሠርተው አዲስ አወጡ። "ራንች ራይፍል" የሚለው ስም ያን ጊዜ ወጣለት። በ1987 ደግሞ "ሚኒ ሠርቲ" የሚል ወንድም ተጨመረለት። እሱ የሚጎርሰው ምን መሰላችሁ? 7.62 በ39፣ ማለትም እኛ የክላሽ ጥይት የምንለውን ነው። የአሜሪካ ገበሬ አጋዘን የሚያድንበትና እኛ አገር ሰው በትከሻው የሚይዘው መሣሪያ ጥይታቸው አንድ ነው።

እንከን የለውም አልልም። የመጀመሪያዎቹ አፈሙዛቸው ቀጭን ስለነበር ደጋግመው ሲተኩሱበት ይግልና ጥይቱ ይበተናል። በ2005 ፋብሪካው ማሽኖቹን አድሶ አሻሻለው። ለዚህም ነው አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የመለያ ቁጥሩን የሚያየው፤ በ580 የሚጀምረው ከተሻሻለ በኋላ የተሠራው ነው።

አገዛዙስ?

"አሜሪካ ጠመንጃ እንደ ዳቦ ይሸጣል" ሲባል እንሰማለን። ያን ያህልም አይደለም። በ1968 የወጣው ሕግ መሣሪያ ነጋዴ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። ከነጋዴ የሚገዛ ሰው ቅጽ ይሞላል፤ ለረጅም ጠመንጃ ቢያንስ 18 ዓመት መሆን አለበት። ከ1998 ወዲህ ደግሞ ነጋዴው ከመሸጡ በፊት የገዢውን ስም ለመንግሥት አስተላልፎ ወንጀል ያለበት እንደሆነ ያጣራል። ከዚህ በላይ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ሕግ ይጨምራል፤ በአንዱ የተፈቀደው በሌላው ይከለከላል።

በ1994 ደግሞ ለአሥር ዓመት የቆየ እገዳ ወጣ። ሕጉ ብዙ ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያዎችን ከለከለ፤ የማይነኩትን ግን በስም ዘረዘረ። ሚኒ-14 ከማይነኩት መካከል ነበር፤ "ሰደፉ የሚታጠፍ ካልሆነ" ተብሎ። እዩት እንግዲህ! ብረቱ አንድ፣ ጥይቱ አንድ፤ ሰደፉ እንጨት ከሆነ የገበሬ ዕቃ፣ ከታጠፈ የጦር መሣሪያ። ሕግ አውጪዎቹም ይህ ነገር የትኛው እንደሆነ መለየት ከብዷቸው ነበር ማለት ነው።

የታሪኩ መራራ ጎን

ይህን ካልጻፍኩ ግማሹን ደበቅኩ ማለት ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 1989 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ሚኒ-14 ይዞ የምህንድስና ትምህርት ቤት ገባና 14 ሴቶች ገደለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ኖርዌይ፣ ኡቶያ በምትባል ደሴት ላይ ወጣቶች ተሰብስበው ሳለ አንድ ሰው 69 ሰው ገደለ፤ ከያዛቸው ሁለት መሣሪያዎች አንዱ ሚኒ-14 ነበር። ይህ ሰው የእርሻ መሬት ተከራይቶ፣ ገበሬ ነኝ ብሎ ማዳበሪያ እየገዛ ቦንብ ሠርቷል። የግብርና ሠራተኛ ሆኜ ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ፤ የገበሬ ስም፣ የገበሬ ማዳበሪያ፣ የገበሬ የተባለ ጠመንጃ።

ከእንዲህ ዓይነት ጥቃቶች በኋላ አገሮች "ገበሬው ለሥራው በእርግጥ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?" ብለው መጠየቅ ጀመሩ። አውስትራሊያ በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰው ከተገደለ በኋላ ከፊል አውቶማቲክ ረጅም ጠመንጃዎችን ከሕዝቡ እጅ በገንዘብ መልሳ ገዛች፤ ከ600,000 በላይ መሣሪያ ተሰብስቦ ተቀጠቀጠ። ከሰጡት መካከል ብዙ ገበሬዎች ነበሩ። ለገበሬ የተተወው በእጅ የሚጎርሰው ነው። ከከፊል አውቶማቲክ ትንሿን፣ ከ10 ጥይት የማይበልጥ የምትይዘውን ብቻ፣ ለዚያውም ለሥራው እንደሚያስፈልገው ካስረዳ ይፈቀድለታል። ካናዳም በግንቦት 2020 ሚኒ-14ን ከሌሎች ከ1,500 በላይ ዓይነቶች ጋር አገደች።

በሁለቱም አገር በግና ከብት ማርባት ቀጥሏል። አዳኝ አውሬም አልጠፋም። ታዲያ በጎቹን የሚጠብቀው ምንድን ነው?

በጎቹን ያዳናቸው ምን ነበር?

የአሜሪካ በግ አርቢ ትልቁ ጠላት ኮዮቲ የሚባል፣ ከተኩላ የሚያንስ የዱር ውሻ ነው። ከ1915 ጀምሮ መንግሥት በጀት መድቦ ተኩላንና ኮዮቲን በጥይት፣ በወጥመድና በመርዝ ሲያስገድል ኖረ። ተኩላው ከአብዛኛው አገር ጠፋ። ኮዮቲው ግን ባሰበት! ያኔ በምዕራቡና በመካከለኛው ሜዳ ነበር የሚኖረው፤ ዛሬ ከሃዋይ በቀር በሁሉም ግዛት አለ። መቶ ዓመት ተተኩሶበት አገሩን አሰፋ።

መርዙ ደግሞ ሌላ ጉዳት አመጣ። ለኮዮቲ የተቀመጠውን ሥጋ ውሻ በላው፣ ንስር በላው፣ ጥንብ አንሳ በላው። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በመንግሥት መሬት ላይ አውሬን በመርዝ መግደል እንዲቆም አዘዙ። በግ አርቢው ተቆጣ፤ "እንግዲህ በምን እንጠብቅ?" አለ።

መልሱ የመጣው ከአዲስ መሣሪያ አይደለም፤ ከጥንት እረኞች ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪዎች ከአውሮፓና ከቱርክ ተራሮች የመንጋ ጠባቂ ውሾችን እያመጡ መሞከር ጀመሩ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሃምፕሻየር ኮሌጅ፣ አይዳሆ ውስጥ ደግሞ የመንግሥቱ የበግ ምርምር ጣቢያ ሠሩበት። ዘዴው ቀላል ነው፤ ውሻው ገና ቡችላ ሳለ ከበጎቹ ጋር ይኖራል፣ ከእነሱ ጋር ይተኛል፣ ቤተሰቤ ናቸው ብሎ ያድጋል። ሲያድግ አውሬውን ማሳደድ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል፤ በመሃል መቆሙና መጮኹ ይበቃል። ዛሬ በብዙ ራንች ውሻው የተለመደ ሆኗል።

ጠመንጃው ተጥሏል ማለቴ አይደለም። ግልገል መብላት የለመደን አንድ አውሬ ለይቶ ለማስወገድ ይጠቀሙበታል። ግን ጠመንጃ የሚሠራው ባለቤቱ ነቅቶ፣ አውሬውን አይቶ፣ ከኋላው ሰው ወይም ከብት አለመኖሩን አውቆ ሲተኩስ ብቻ ነው። አውሬ ደግሞ የሚመጣው ስንተኛ ነው። ጠመንጃ መጨረሻው ደቂቃ ላይ ነው የሚደርሰው፤ ጥበቃው የሚጀምረው ግን ከብቱ ሳይገባ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ

ጊደሯን ለመሸጥ ላሰቡት አባት ሦስት ነገር ነገርኳቸው፤ ለእናንተም ልድገመው።

አንደኛ፣ ሕጉ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የሚይዝ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። ገበያ ላይ በስውር የተገዛ ነገር በጎችን ሳይጠብቅ ባለቤቱን ያሳስራል። ቤት ያለው ሰውም ያስመዝግብ። ጥይቱን አውጥቶ፣ መሣሪያውን ለብቻ ጥይቱን ለብቻ ቆልፎ ያስቀምጥ። ልጅ ያለበት ቤት ምሰሶ ላይ ጎርሶ የተሰቀለ ጠመንጃ ከጅብ ይብሳል።

ሁለተኛ፣ አውሬውን እንለይ። የዱር እንስሳ መግደል የራሱ ሕግ አለው። በመንዝ፣ በሰሜን ተራሮችና በባሌ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀይ ቀበሮ የሚበላው አብዛኛውን አይጥና ፍልፈል ነው። እህላችሁን የሚጨርስባችሁን እየበላላችሁ ነው። በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የለም፣ ቁጥሩም በጣም አንሷል። በስህተት ለተተኮሰበት ቀይ ቀበሮ ካሣ የለውም። መርዝም አታስቀምጡ፤ የአሜሪካኖቹን ስህተት በራሳችን ውሻና ጥንብ አንሳ ላይ መድገም አያስፈልገንም።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ። ጊደሯ ከርማ ትወልዳለች፣ ትታለባለች፣ ጥጃዋ ይሸጣል። ጠመንጃ አይወልድም፤ ጥይት ይበላል እንጂ። ጅቡ የገባበትን ቀዳዳ አብረን ስናይ በጋጣው ጀርባ የድንጋዩ ካብ የፈረሰበት ነበር። ያን ለመካብ የፈጀው የሁለት ሰው የአንድ ቀን ጉልበት ብቻ ነው።

እኝህ አባት ካቡን አስነስተው ከላይ እሾህ ጫኑበት፣ በሩን በጠንካራ እንጨት አሠሩ። ከጎረቤት አንድ ቡችላ አምጥተውም ከግልገሎቹ ጋር እያሳደሩት ነው። ባለፈው ስመለስ ቡችላው ከአንዷ በግ ሆድ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። "ሥራ አልጀመረም፤ ለጊዜው ወተት ብቻ ነው የሚያውቀው" ብለው ሳቁ። ጊደሯ ግን አልተሸጠችም፤ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች ብለን እንጠብቃለን።

እናንተስ አካባቢ አውሬ በምን ትከላከላላችሁ? አባቶች የሚያውቁት ዘዴ ካለ ላኩልኝ፣ ለሌላው ይጠቅማል። በሚቀጥለው ስለ ጊደር አወላለድና ስለ እንገር አጠጣጥ እመለሳለሁ። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።